«አገሬ ነው፣ ምን ይነካኛል?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ፍኖተ ሰላም ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ አንድ ወዳጄ ለመስቀል አገር ቤት ወረደ። አክስቱ አልጋቸውን ለቀው፣ አጎበር ዘርግተው «ግባና ተኛ» አሉት። እሱ ግን ይሞቃል ብሎ አጎበሩን ጠቅልሎ ሰቀለው። «አንተ ልጅ፣ ወባ እኮ ነው ያለው፤ አውርደው» ቢሉት፣ «እትዬ ደግሞ! የተወለድኩበት አገር ነው፣ ምን ይነካኛል?» ብሎ ሳቀ።

አዲስ አበባ ከተመለሰ ከሳምንት በኋላ ብርድ ብርድ ይለው፣ ራሱን ይፈልጠው ጀመር። ሰፈሩ ካለ ክሊኒክ ገባ። የት እንደሰነበተ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ ክኒን ይዞ ወጣ። በአራተኛው ቀን መቀባዠር ሲጀምር ቤተሰቦቹ ሆስፒታል ወሰዱት። ተረኛዋ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው «በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር?» ብላ ነው። ደሙ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። ተርፏል፤ ግን ለጥቂት ነው።

ስለ ዕረፍት ጉዞና ስለ ጤና ሲወራ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ሳፋሪ ነው፤ ካኪ የለበሰ ፈረንጅ፣ ክፍት መኪና፣ ሣር ውስጥ የተጋደመ አንበሳ። ያ ፈረንጅ ታዲያ ከአገሩ ሳይነሳ ሐኪም አማክሮ፣ ክትባቱን ተከትቦ፣ የወባ መከላከያ ክኒኑን ይዞ ነው የሚመጣው። ሳፋሪ በስዋሂሊ «ጉዞ» ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን፣ ለመስቀል ፍኖተ ሰላም የሚወርደውም፣ ሰከላ ግሽ ዓባይ ለጠበል የሚሄደውም፣ ከዋሽንግተን ተነስቶ ቡሬ ሠርግ የሚመጣውም ሳፋሪ ላይ ነው። ልዩነቱ እኛ ሳንዘጋጅ መሄዳችን ነው።

ወባ የትውልድ ቦታ አይጠይቅም። ደጋግሞ በበሽታው የተያዘ ሰው የተወሰነ የመቋቋም አቅም ሊያገኝ ይችላል፤ ከአካባቢው ርቆ ዓመታት ሲቆይ ግን ያ አቅም ይጠፋል። አዲስ አበባ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከነጭራሹ የላቸውም። ስለዚህ አባት አገሩን ሊያሳያቸው ይዟቸው የሚሄዳቸው ልጆች ለወባ ከማንም በላይ የተጋለጡ ናቸው።

ወቅቱም አይረዳንም። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ ውኃ በየቦታው ይጠራቀምና ትንኙ ይራባል። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ደግሞ ከመስቀል እስከ ገና ዋዜማ፣ ሰው አገር ቤት የሚናፍቅበት ጊዜ መሆኑ ነው። «ፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ ነው፣ ቆላ አይደለም» የሚል መከራከሪያም ብዙ አያስኬድም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በአገራችን የተነሳው ታላቅ ወረርሽኝ የመታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ ነበር። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል። «ያ ድሮ ነው» ለሚል ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎችና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሲመሽ ደጅ ቡና ላይ ስንቀመጥ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ እንልበስ፤ ትንኝ የሚያርቅ ቅባት ካለ እንቀባ። አጎበር ውስጥ እንተኛ፤ ጫፉንም ፍራሹ ሥር እንወትፈው። ከተቻለ የራሳችንን አጎበር ይዘን እንሂድ። ለእንግዳ ክብር ሲባል የአክስት አጎበር ለእኛ ሲሰጥ፣ እሳቸው ያለ አጎበር ሊያድሩ ነውና። ሕፃን ይዞ የሚሄድ፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ስለ መከላከያ ክኒን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ትኩሳት ከመጣ እዚያው እያለን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንሂድ። ከጣት ደም ወስደው ወዲያው ይመረምራሉ። የገጠር ጤና ኬላ ስለ ወባ ከብዙ የከተማ ክሊኒክ ይልቅ ቶሎ ይጠረጥራል። ትኩሳቱ የመጣው ከተመለስን በኋላ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ባይጠይቀንም «ጎጃም ሰንብቼ ነው የመጣሁት፣ ወባ እዩልኝ» እንበል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል፣ የመስቀሉን ጉዞ ፋሲካ ላይም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወንዝም አለ። ልጆች በሙቀት ቀን ውኃ ሲያዩ ዘለው መግባት ያምራቸዋል። ዝግ ብሎ በሚፈስ ወይም በተኛ ውኃ ውስጥ ግን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ሊኖር ይችላል፤ ትሉ ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው። ገብተው የዋኙ ካሉ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። የመጠጥ ውኃም ይፈላ። ጥሬ ሥጋውን ነገር አልከለክልም፤ ብከለክልም የሚሰማኝ የለም። ኮሶ ግን ከዚያው ነው የሚመጣው።

ጫማ አናውልቅ። በባዶ እግር መሄድ ለሙጀሌ ያጋልጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም ገጠር እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ዘመዶች እናገኝ ይሆናል። በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ለረጅም ዓመታት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ እንጂ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብረን እንብላ፣ እንሳሳም። ልጆቻችን እንዳይሸሹ ቀድመን እንንገራቸው። ስጦታ ካማረን ለቤቱ ልጆች የሚሆን ጫማ ይዘን እንሂድ።

የአገር ቤት ውሻም እንግዳ አይወድም። የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። «ባህላዊ መድኃኒት እንሞክር» እያልን የምናባክነው ቀን ነፍስ ያስከፍላል።

መንገዱንም አንርሳ። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና አቀበት አለ። ፍሬን ይታይ፣ ሌሊት አይነዳ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለጉዞው ከሚበቃው በላይ የሳምንት ትርፍ ይያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ሊዘጋ፣ ጤና ጣቢያም መድኃኒት ሊያጣ ይችላልና፣ ከመነሳታችን በፊት እዚያው ላሉት ዘመዶች ደውለን እንጠይቅ። «አሁን አትምጡ» ካሉ እንስማቸው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ነው፤ ስሙ እንዲሆንለት የሁላችንም ጸሎት ነው።

ወዳጄ ከዚያ በኋላም አገር ቤት ወርዷል፤ አጎበር ገዝቶ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለአክስቱ። እሳቸው ሲያዩት ምን አሉት መሰላችሁ? «አየህ ልጄ፣ ትንኟ የማን ልጅ እንደሆንክ አትጠይቅም።»