ጉንፋን ያዘኝ ወይስ ጉንፋን ያዝኩ?

የታክሲ ረዳቱ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ብሎ ሲጣራ የሚጠራው የጣሊያንኛ ስም ነው። «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ ኢንቺስ የተባለው የጣሊያን ድርጅት በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች ናቸው። እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ለገሃር ደግሞ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የሰፈሩን ሰው ማንም ደብተር አስይዞ አላስጠናውም። ሰማ፣ ለአፉ እንዲመች አድርጎ አለዘበ፣ የራሱ አደረገው።

እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ይህ ድፍረት ይጠፋናል። ለምን እንደሚጠፋን ሳስብ፣ ትውልድ እየተቀባበለ ያወረሰን ጥቂት የተሳሳተ እምነት ይታየኛል።

ዋናው «እንግሊዝኛ እንዲገባህ አማርኛህን እርሳው» የሚለው ነው። ልጅ ሆኜ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ግቢ ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ይቀጣ ነበር። ከዚያ ቅጣት ያተረፍነው ዝምታን ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ከአፋችን ሳይወጣ አማርኛውም ታፈነ።

እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንግሊዝኛን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይበት መስተዋት በእጁ አለ። ጉንፋንን እንውሰድ። በአማርኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ ያዡ ጉንፋኑ፣ ተያዡ እኛ ነን። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»፤ ያዡ ሰውየው ነው። አውቶቡስ እኛን ያመልጠናል፤ በእነሱ ቋንቋ «አይ ሚስድ ዘ ባስ» የሚለው ሰው አውቶቡሱን የሳተው እሱ ራሱ ነው። ቁልፍ ይጠፋብናል፤ እነሱ «አይ ሎስት ማይ ኪ» ሲሉ ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ ስንልም ረሃቡ፣ ብርዱና ድካሙ ከውጭ መጥተው ያገኙናል። እነዚህን አምስት ስድስት አባባሎች የደረደረ ሰው አንድ ትልቅ የሰዋስው ነገር ያለ መምህር ያያል፦ እንግሊዝኛ ሰውየውን ብዙ ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ ከፊት ያቆመዋል። ቡና እየፈላና እየተቀዳ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ አባባል እየወረወረ፣ ሌላው እንግሊዝኛው ማንን ከፊት እንደሚያቆም ቢገምት፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚበቃ ጨዋታ ነው።

«ሰዋስው ማለት ሕግ መሸምደድ ነው» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይወድቃል። ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ግን ስህተታችን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሕጉን ያቀልለዋል። «ትናንት መጥቻለሁ» ጥሩ አማርኛ ስለሆነ «አይ ሃቭ ካም የስተርደይ» ከአፋችን ያመልጣል። የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ግን ያለፈውን ከአሁኑ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ስለሆነ፣ «ትናንት» ብሎ በሩን ከሚዘጋ ቃል ጋር አይስማማም፤ «አይ ኬም የስተርደይ» ይበቃል። «ኦፕን ዘ ቲቪ» የምንለውም አማርኛ በርንም ቴሌቪዥንንም ስለሚከፍት ነው። ለእንግሊዝኛ የሚከፈተው በሩ ነው፤ ቴሌቪዥኑ «ተርን ኦን» ይደረጋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የሚሉት ነው፦ «እንግሊዝኛ አክብሮት አያውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም ዩ ነው የሚለው።» የ«ዩ» ታሪክ ሌላ ይናገራል። ድሮ «ዩ» ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው የሚባል ነበር፤ ለቅርብ ሰው የሚባለው «ዛው» ነበር። ከጊዜ በኋላ «ዛው» ከዕለት ንግግር ጠፋ። ስለዚህ እንግሊዞች የጣሉት «አንተ»ን ነው፤ ዛሬ ሁሉንም «እርስዎ» እያሉ ይኖራሉ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

የዛሬው ትህትናቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። «እባክዎ ፎርሙን ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱን የተሸከመው «ይስጡኝ» የሚለው ግስ ነው። ቃል በቃል «ጊቭ ሚ ዘ ፎርም፣ ፕሊስ» ብለን ስንመልሰው ያ ሁሉ አክብሮት መንገድ ላይ ይረግፋል፤ የሚሰማው ትእዛዝ ነው። እንግሊዝኛ ትህትናውን በጥያቄ ይጠቀልለዋል፦ «ኩድ አይ ሃቭ ዘ ፎርም፣ ፕሊስ?» ስንት ጨዋ ሰው በዚህች ምክንያት ባለጌ ተብሎ ይሆን?

ፈሊጥን በዝርዝር መሸምደድ ያስፈልጋል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ዝናብ «ካትስ ኤንድ ዶግስ» ሆኖ እንደሚዘንብ ያልሸመደደ የለም፤ የቋንቋው ባለቤቶች ግን ዛሬ እምብዛም አይሉትም። ከዝርዝሩ ይልቅ ሰምና ወርቃችን ይረዳናል። «ኮልድ ፊት» ሰሙ የቀዘቀዘ እግር ነው፤ ወርቁ በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ለምሳሌ በሠርግ ዋዜማ፣ ማመንታት። ሰሙን በልቡ የሳለ ሰው ወርቁን አይረሳም።

«ከፈረንጅ አፍ ካልሰማኸው እንግሊዝኛ አይደለም» የሚሉትን ደግሞ ወደ እግር ኳስ ልውሰዳቸው። አንድ ቡድን በሙሉ ግቡ ፊት ተከማችቶ ሲከላከል «ፓርክድ ዘ ባስ» ይባላል። አባባሉን በእንግሊዝ ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ2004 የቼልሲ አሠልጣኝ የነበረው ጆዜ ሞሪንሆ ነው፤ ቡድኑ ከቶተንሃም ጋር ያለ ግብ ከተለያየ በኋላ የፖርቱጋልን አባባል በእንግሊዝኛ ተናገረ። እንግሊዞች አልሳቁበትም፤ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። የእኛም አገር ትምህርት ቤቶች ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በእንግሊዝኛ ያስተማሩት በአንድ አፍ አልነበረም፤ ከህንድ የመጡ መምህራን ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች ተጨመሩ።

በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በኩል ካዛንቺስን የሚያውቅ ሰው እንግሊዝኛ የፈረንጅ አፍ ብቻ አለመሆኑን በጆሮው ሊፈትን ይችላል። ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያ የመጣ ሰው አጠገብ ብትደናቀፉ «ሶሪ» ይላችኋል። ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው «አንተ ምን አጠፋህ?» ብሎ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ እዚያ ቃሉ የሚጠበቀው ከጥፋተኛው ነው። እኛ ግን ሳንተረጉመው ይገባናል። አይዞህ ማለቱ ነው።