የድሮ ሞንታርቦ ዉፈር ከመቀየራችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «የድሮ ሞንታርቦ አለኝ፣ ዉፈሩ ተቃጥሏል፣ ስንት ዋት ልግዛ?» ዋቱን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ እንይ።

ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም አትመኑ። ብዙ ሣጥን ሠሪዎች ዉፈር የሚገዙት ከሌላ ፋብሪካ ነበር፤ በዚያ ላይ ስንት ጠጋኝ ነካክቶታል። ፍቱትና ከኋላው እዩት። አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ ፍሬሙ ወይም ማግኔቱ ላይ የታተመ ቁጥር ፈልጉ። በ220 ከጀመረ ጄንሰን ነው፣ በ137 ከጀመረ ሲቲኤስ። ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣል፦ 220632 ማለት ጄንሰን፣ በ6 የሚያልቅ ዓመት፣ 32ኛ ሳምንት። 1956 ይሁን 1966 ከአሠራሩ ነው የሚለየው።

ከዚያ ቴስተር። 8 ኦም የሚባለው 6 አካባቢ ያነባል፣ 16 ኦሙ ከ10 እስከ 13። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ወረቀቱን በሁለት እጅ እኩል ጫን ስታደርጉት ከፋቀ ደግሞ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየታከከ ነው።

አሁን ወደ ዋቱ። «ያው 15 ኢንች ነው» ተብሎ የመኪና ሳብዉፈር የተገጠመበት ሣጥን ስንቱን አይቻለሁ! የድሮ ዉፈር ወረቀቱ ቀላል ነው፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 98 ዴሲቤል የሚሰጥ ሞልቷል። ከባዱ የመኪና ዉፈር 88 አካባቢ ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት 10 እጥፍ ዋት ነው፤ በ100 ዋት ይጮህ የነበረው አሁን 1000 ይጠይቃችኋል። ስለዚህ ማግኔቱና ፍሬሙ ደህና ከሆኑ ኮይሉን ማስጠቅለል ይሻላል ባይ ነኝ።

ከተጠቀለለ በኋላ ግን ለኩት። ስልካችሁ ላይ ቶን ጀነሬተር አፕ ጫኑ፤ ከስልኩ ወደ አምፕሊፋየር፣ ከአምፕሊፋየሩ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ዉፈሩ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የዉፈሩ ሁለት ጫፎች ላይ ያዙ። ከ20 ኸርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ቮልቱ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል፤ ጣሪያው የዉፈሩ የራሱ ቅኝት ነው። ከባድ ወረቀት ከተለጠፈበት ይሄ ቁጥር ይወርዳል።

ቀዳዳ ያለው ሣጥን ውስጥ ስትመልሱት ጣሪያው ሁለት ይሆናል። በመካከላቸው ቮልቱ የሚወርድበት ቦታ የሣጥኑ ቅኝት ነው። በዓይንም ይታያል፦ እዚያ ኸርዝ ላይ ወረቀቱ ሊቆም ምንም አይቀረው፣ ቀዳዳው ላይ የያዛችሁት ሶፍት ግን ይርገበገባል። ቅኝቱ 60 ላይ ሆኖባችሁ ወደ 45 ማውረድ ከፈለጋችሁ የቀዳዳውን ቱቦ አስረዝሙ። ማጥበብም ያወርደዋል፣ ግን አየሩ ያፏጫል። ከቅኝቱ በታች ያለውን ድምፅ በሎው ከት ቁረጡት፤ እዚያ ወረቀቱን የሚይዘው አየር ስለሌለ ያለልክ ይዘላል።

ሌላው ባትሪ ነው። የ1.5 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ቀዩ ላይ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የድሮ ጄቢኤል ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብልሽት እንዳይመስላችሁ፣ ፋብሪካው ራሱ እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ከሌላ ዉፈር ጋር ካጣመራችሁት ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የአንዱን ገመድ ማገላበጥ ይበቃል።