የናፍጣ ፒክ አፕ ስለሚተነፍሰው አየር

ፒክ አፕ ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲጫወት አብዝቶ የሚያነሣው የናፍጣውን ዋጋ፥ የጎማውን ማለቅና የዘይቱን መለወጫ ጊዜ ነው። ሞተሩ ከዚህ ሁሉ አብልጦ የሚበላው ግን አየር ነው። አየር ዋጋ ስለማይከፈልበትና በዓይን ስለማይታይ ማንም አይቈጥረውም። በክፍል ውስጥ ስለ ጋዞች የተማርነውን ይዘን ጥቂት ብንቈጥረው ግን የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን።

ለምሳሌ በአገራችን የገጠር መንገዶች ላይ የታወቀውን የቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 2986 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ማለትም በአጭሩ ባለ 3 ሊትር የሚባለውን፥ ቱርቦ የሌለውን የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። ይህ ሞተር ሁለት ጊዜ በዞረ ቍጥር 3 ሊትር አየር ይስባል። በደቂቃ 2500 ጊዜ ሲዞር 3750 ሊትር፥ በሰዓት ደግሞ 225 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 7፥ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል የሚይዘው አየር 168 ሜትር ኩብ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በአንድ ሰዓት ከአንድ ክፍል ሙሉ አየር በላይ ይውጣል ማለት ነው። አንድ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ይተነፍሳል፤ እንግዲህ ይህ አንድ ሞተር የ500 ተማሪዎችን ትንፋሽ ብቻውን ይተነፍሳል። (በእውነቱ ሲሊንደሮቹ ሁልጊዜ ጢም ብለው ስለማይሞሉ ቍጥሩ ጥቂት ያንሳል፤ ለሐሳባችን ግን ይበቃናል።)

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብቱን ጠይቆ፥ ከብዙ ድካም በኋላ በ1897 አውግስቡርግ በምትባለው ከተማ በሚገባ የሚሠራውን ሞተር ያሳየበት ሐሳብ፥ አየርን አጥብቆ በመጨመቅ ብቻ እሳት ማግኘት ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ካንዴላ የለም። ፒስተኑ የሳበውን አየር በያዝነው ሞተር ወደ 22 እጥፍ ያህል ሲያጠበው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ በደቃቁ የሚረጨው ናፍጣ ራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ፈጽሞ እንዲቃጠል 14 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል አየር ያስፈልገዋል። ናፍጣውና አየሩ ግን ለመደባለቅ የሚያገኙት ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ያለ ጭስ ይቃጠል ከተባለ አየሩ ከዚህም በልጦ መትረፍ አለበት። አየሩ ሲያንስ ናፍጣው በከፊል ብቻ ይቃጠልና ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ይህ ጭስ ገንዘብ ከፍለን የገዛነው፥ ጉልበት ሳይሰጠን የጠፋ ናፍጣ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ስለ ምን ይመረጣል? አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀልላል። ሲሊንደሩ የሚለካው በሊትር ነው፤ ናፍጣውን የሚያቃጥለው ኦክሲጅን ግን የሚለካው በክብደት ነው። በውጭ ያለው አየር 25 ዲግሪ ሲሆን በተዘጋው ኮፈን ሥር፥ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ግለት፥ 60 ዲግሪ ቢደርስ፥ የጋዞችን ሕግ በመከተል 25 ላይ 273፥ 60 ላይም 273 እንጨምርና 298ን ለ333 እናካፍል። መልሱ 0.89 ያህል ነው። ስለዚህ ከኮፈኑ ሥር የሚተነፍስ ሞተር ከውጭ ከሚተነፍሰው ይልቅ 10 በመቶ የሚያህል አየር ያጣል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጉድለት ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፥ በአዲስ አበባ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ፒክ አፕ በደጋ ዳገት ላይ የሚደክመውና የሚያጨሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍታውን መለወጥ አንችልም፤ በኮፈኑ ሥር የሚጠፋውን 10 በመቶ ግን ማዳን እንችላለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ለይተን እንይ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አሽከርካሪው በእግሩ ሲረግጥ የሚከፈተው የአየሩ በር ነው። በናፍጣ ሞተር ግን በአብዛኛው አየሩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚጨመረውና የሚቀነሰው ናፍጣው ነው። ስለዚህ ፖምፓው የሚሰጠው ናፍጣ ሳይጨምር አየሩን ብቻ ብንጨምር ሞተሩ ወዲያው እንደ ፈረስ አይጋልብም። የምናገኘው ጥቅም ጭሱ መቀነሱ፥ ናፍጣው በሚገባ መቃጠሉና የጭስ ማውጫው ግለት መብረዱ ነው። ሲያጨስ የነበረው ሞተር ያባክን የነበረውን ናፍጣ ወደ ጉልበት ይለውጠዋል፤ አስቀድሞም የማያጨስ ከነበረ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። የፈረስ ጉልበት በጣሳ እንሸጣለን የሚሉትን ነጋዴዎች በዚህ ሚዛን መመዘን ይገባል።

አሁን ወደ አቧራው እንመለስ፤ የነገሩ ዋና ክፍል ይህ ነውና። በመንገድ ላይ የሚነሣው አቧራ በብዛት የተፈጨ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ሲሆን መስታወትን ይቧጥጣል፤ ብረትንም ይፍቃል። እጅግ የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የምናየው ትልቁ አሸዋ ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆነው ልም ትቢያ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የዚህ ትቢያ ውፍረት በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ካለው የዘይት ልባስ ጋራ ስለሚቀራረብ፥ በመካከላቸው ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች፥ የጋራዥ ሰዎች ፋሻ የሚሏቸው፥ ጠርዛቸው ይበላል፤ ሲሊንደሩ ይሰፋል፤ የተጨመቀው አየር እያመለጠ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። አየሩን በመጨመቅ ብቻ ለሚነሣው ለናፍጣ ሞተር ይህ ታላቅ ጉዳት ነው፤ ጧት ጧት አልነሣ የሚለው ከዚህ በኋላ ነው።

መጠኑንም እንቍጠር። ከፊት የሚሄደው መኪና በማይታይበት የአቧራ ደመና ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ግራም ያህል አቧራ አለ። ሞተራችን በዚህ ደመና ውስጥ አንድ ሰዓት ቢሄድ 225 ሜትር ኩብ ሲስብ 200 ግራም ያህል አቧራ አብሮ ይስባል፤ አንድ ትልቅ የሻይ ብርጭቆ አቧራ እንደ ማለት ነው። ከመቶ 99.9 እጁን የሚይዝ ማጣሪያ ቢኖረው ወደ ሞተሩ የሚያልፈው 0.2 ግራም ብቻ ነው። ከመቶ 97 እጁን የሚይዝ ቢሆን ግን 6 ግራም ያልፋል። ሁለቱን ቍጥሮች በወረቀት ላይ ጐን ለጐን ያየ ሰው ልዩነቱ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ይላል። ሞተሩ የሚቈጥረው ግን የተያዘውን ሳይሆን ያለፈውን ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ልዩነቱ 30 እጥፍ ነው።

ከመቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመላልስ አንድ ፒክ አፕ አለ፤ የሁለት ወንድማማቾች መተዳደሪያ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ዳገቱ ላይ ስለ ደከመባቸው፥ በሰው ምክር የቀድሞውን የአየር ማጣሪያ ሣጥን አውልቀው ጥለው በምትኩ የሚያብረቀርቅ፥ እንደ ጕልላት የሾለ፥ ሣጥን የሌለው ማጣሪያ ከኮፈኑ ሥር አስገጠሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ሞተሩ ስቦ ሲጮኽ ድምፁ አማረ፤ ታናሽየውም ጉልበት ጨመረ ብሎ ማለ። ነገር ግን ሣጥኑ ስለ ጠፋ የሚስበው የራዲያተሩን ሙቅ አየር ሆነ። ከእርሻው እስከ አስፋልቱ ባለው መንገድ ደግሞ በኮፈኑ ሥር የሚሞላው ትቢያ ሁሉ ወደ ማጣሪያው መጣ፤ የዘይት ቅባት የነካው የጥጥ ጨርቁም ልሙን ትቢያ ሊያቆመው አልቻለም። አንድ በጋ እንዳለፈ ዘይት በየሳምንቱ መጨመር ግድ ሆነ፤ በቲማቲሙ መድረሻ ወራት መኪናው ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆመ። ቲማቲም ደግሞ እንደ ሽንኩርት አይጠብቅም።

ታዲያ አየሩን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ ፋብሪካው የሠራውን መንገድ ይመርምር። በሃይሉክስ ላይ የአየሩ አፍ በኮፈኑ ሥር ተከፍቶ አይቀመጥም፤ ከፊተኛው ጎማ በላይ ባለው በፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ የውጭውን አየር ይስባል። ይህን የሚያገናኘው ቱቦ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ወይም ወልቆ ይገኛል፤ ያን ጊዜ መኪናው ባለቤቱ ሳያውቅ ሙቅ አየር ሲስብ ይኖራል። ይህን ቱቦ መልሶ መግጠም ከየትኛውም አብረቅራቂ ዕቃ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ቀዝቃዛውንም አየር ይመልሳል።

ከዚህ የሚሻል ለሚፈልግ በመስታወቱ ጐን እስከ ጣሪያው የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ ይገጠማል። ብዙ ሰው ይህ ወንዝ ለመሻገር ብቻ ነው ይላል፤ ለእኛ መንገድ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። አቧራ ከጎማው አጠገብ ይወፍራል፥ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል፤ ከጣሪያው የሚሳበው አየር ደግሞ ከሞተሩ ሙቀት የራቀ ነው። በቱቦው ራስ ላይ አየሩን የሚያሽከረክር ቅድመ ማጣሪያ ቢጨመርበት፥ ከባዱ አቧራ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ዳር ተወርውሮ ወደ ማጣሪያው ሳይደርስ ይቀራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ቱቦው በየመጋጠሚያው አየር የማያስገባ ካልሆነ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃ ይስባል። ውኃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ ያጣምማል። የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ በሚያስብበት ጥንቃቄ መገጠም ይኖርበታል።

ቱርቦ ባለው ፒክ አፕ ላይ ነገሩ ይበረታል። የቱርቦው መንኰራኵር በደቂቃ ከ100000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር አቧራው ምላጮቹን ይሞርዳቸዋል። ቱርቦው አየሩን ሲጨምቅም ስለሚያሞቀው፥ በብዙዎቹ ላይ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መሰል ዕቃ አለ። ጭቃና ገለባ በክንፎቹ መካከል ከሞላ ሥራው ይቀንሳል፤ በዝግታ በሚፈስ ውኃ ማጠብ ነው።

ማጣሪያው ራሱ የታጠፈ ወረቀት ሲሆን፥ ከሁሉ የሚያስገርመው ጠባዩ ጥቂት አቧራ ከያዘ በኋላ ከአዲሱ ይልቅ አጥርቶ ማጣራቱ ነው። የተያዘው አቧራ ራሱ በወረቀቱ ቀዳዳዎች ላይ ሁለተኛ ማጣሪያ ይሆናልና። በየቀኑ እያወጡ ማራገፍ ትጋት ይመስላል፤ ነገር ግን ሣጥኑ በተከፈተ ቍጥር በንጹሑ ወገን አቧራ ይወድቃል፥ ጎሚኒውም ይላላል። የተደፈነ ጊዜ ምልክቱ ጥቁር ጭስና የጉልበት መቀነስ ነው፤ አንዳንድ መኪናዎችም የሚያሳይ ምልክት አላቸው። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ግፊቱ ከ2 ባር ሳይበልጥ፥ ጫፉ ሳይጠጋ፥ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። በጎማ ላይ ወይም በድንጋይ ላይ ማንኳኳት ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል፤ በቤንዚን ማጠብም ያበላሸዋል። ከተነፋ በኋላ ጨለማ ክፍል ገብቶ በውስጡ የእጅ ባትሪ ማብራት ነው፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ብርሃን እንኳ ብትታይ አዲስ ይገዛ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አቧራው የሚያልፈው በወረቀቱ ሳይሆን በዳር ነው። ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ከተሰነጠቀ፥ የሚያስረው ፋሼታ ከላላ፥ ወይም የማጣሪያው ጎሚኒ በሣጥኑ ላይ በሚገባ ካልተቀመጠ፥ እጅግ ውድ የሆነ ማጣሪያ ቢገባበት ከንቱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ መንገዱ ደኅና ነው። የትቢያ መልክ ከታየበት አየሩ የሚሾልክበት ቦታ ሳይገኝ መኪናው ወደ አቧራ መንገድ አይመለስ፤ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፥ የሚያስፈልገውም ጠመንጃ መፍቻና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ ነው።