ንግሥታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሲ6ን እዩ

ሰሞኑን የክበባችን ልጆች አንድ ልክፍት ይዟቸዋል። ጨዋታው ገና አምስተኛው እርምጃ ላይ ሳለ ፈረሳቸውን ኢ5 ላይ ይሰኩና ንግሥታቸውን ለቢሾፕ አጋልጠው ፈገግ ይላሉ። ባላጋራቸው አየት ያደርግና ንግሥቷን ትቶ ፈረሱን ይበላዋል። ፈገግታው እዚያው ላይ ያልቃል። «ማን አስተማረህ?» ስለው ልጁ ስልኩን ያወጣል። በአንድ የቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ቪዲዮ ነው፤ «በ7 እርምጃ ማት፣ ማንም አያመልጥም» ይላል። ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ ቼዝ የሚጫወት ልጅ ሁሉ እጅ ሳይገባ አልቀረም።

ውሸት ነው። ስለዚህ ቸኩዬም ቢሆን ልጻፍ። ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ ከማስረዳት አልጀምርም፤ እሱን የማያውቅ እዚህ ቻናል ምን ይሠራል?

ወጥመዱ በራሱ እውነተኛ ነው። የታዋቂው የቼዝ ተጫዋች የፊሊዶር አስተማሪ በነበረው በፈረንሳዊው ለጋል ስም ይጠራል፤ በጣም የቆየ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ይኸውላችሁ። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ፈረስ ኤፍ3፣ ወታደር ዲ6። ቢሾፕ ሲ4፣ ቢሾፕ ጂ4። ፈረስ ሲ3፣ ወታደር ጂ6። አሁን የነጭ ፈረስ ኢ5ን ይበላል። ጥቁር ተስገብግቦ ዲ1 ላይ ያለችውን ንግሥት ከበላ፣ ቢሾፕ ኤፍ7ን በልቶ ቼክ፣ ንጉሥ ወደ ኢ7፣ ፈረስ ዲ5፣ ማት። ጥቁር ነቅቶ ፈረሱን በወታደር ቢበላስ? የነጭ ንግሥት ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ትበላለች፤ ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል። ጥቁር በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ነጭ አይጎዳም። መሥዋዕቱ ትክክል የሆነው በዚህ ምክንያት እንጂ ንግሥት መስጠት ስለሚያምር አይደለም።

ቪዲዮው ላይ ግን የጥቁር ፈረስ ሲ6 ላይ ቆሟል! ጥቁር በወታደር ጂ6 ፈንታ የተጫወተው እሱን ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ሰውየው ይህን ልዩነት አላየውም፤ ወይም አይቶ ናቀው። ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ያለውን የነጭ ፈረስ ይበላል፤ እዚያው ቆሞም ጂ4 ያለውን ቢሾፑን ይጠብቃል፣ ሲ4 ያለውን የነጭ ቢሾፕም ያስፈራራል። የነጭ ንግሥት ጂ4ን ብትበላ ፈረሱ መልሶ ይበላታል። እንግዲህ ነጭ ምን አተረፈ? ፈረሱን በአንድ ወታደር ሸጠ። ቪዲዮው ውስጥ ጥቁር ሁልጊዜ ንግሥቷን የሚበላው ቪዲዮውን የሚሠራው ሰው ለሁለቱም ስለሚጫወት ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ በዚያው አቋም ላይ እውነተኛ ጥቃት መኖሩ ነው። ወታደር ኤች3። ማንም የማያጨበጭብላት፣ የአንድ ካሬ እርምጃ። ጂ4 ያለውን ቢሾፕ «ወስን» ትለዋለች። ኤፍ3 ላይ ያለውን ፈረስ ቢበላ ንግሥት መልሳ ትበላዋለች፤ ነጭ ምንም አልጎደለበትም። ወደ ኤች5 ከሸሸ ግን ፈረስ ኢ5ን ይብላ! አሁን የጥቁር ፈረስ ኢ5 ላይ መልሶ ቢበላ ኤች5ን ሊጠብቅ አይችልም፤ ጂ4ን እንጂ። ንግሥቲቱ ኤች5 ያለውን ቢሾፕ ትበላለች። ጥቁር ሲ4 ያለውን ቢሾፕ ቢወስድ ንግሥት ቢ5 ላይ ቼክ ብላ በሚቀጥለው እርምጃ ፈረሱን ትበላዋለች፤ ነጭ አንድ ወታደር ተርፎታል። ጥቁር ዲ1ን ከበላማ ያው ማት ነው። በአንዲት የወታደር እርምጃ የማይሠራው መሥዋዕት ሠራ። በ7 እርምጃ ማት የሚል ቪዲዮ ይህን አያሳያችሁም።

በተጋጋለ አቋም ላይ ኃይለኛውን እርምጃ የምንፈልገው እንዲህ ነው።

1. የባላጋራ የመጨረሻ እርምጃ ምን ለወጠ? የቱን ካሬ ለቀቀ፣ የቱን ያዘ? ከዚህ በፊት በቃል የያዛችሁት ወጥመድ ካለ አንድ በአንድ አስተያዩት። አንድ ፈረስ ቦታ ከቀየረ ሌላ አቋም ነው፤ «ይመሳሰላል» የሚባል ነገር ቼዝ ውስጥ የለም።

2. መጀመሪያ ቼኮችን፣ ቀጥሎ መብላቶችን፣ ቀጥሎ ማስፈራሪያዎችን ቁጠሩ፤ አስቀያሚ የሚመስለውን ሳይቀር። የሶቪየቱ ግራንድማስተር አሌክሳንደር ኮቶቭ እርምጃዎችን አስቀድሞ መዘርዘርን «እጩ እርምጃ» ብሎ በመጽሐፍ ካስተማረው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ ግኝት አይደለም። ቁጠሩ ማለት ግን ተጫወቱ ማለት አይደለም። ቼክ ስላለ ብቻ ቼክ የሚል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የባላጋራውን ንጉሥ ወደ ተሻለ ቦታ እያሸሸለት ነው። ለእያንዳንዱ እጩ ባላጋራ ያለውን ከሁሉ የከፋ መልስ ፈልጉ። ለእናንተ የከፋውን ማለቴ ነው፤ የምትመኙትን አይደለም።

3. ሥራ የፈታው ማን ነው? ይህን ሁሉም ይዘለዋል። አሜሪካዊው የቼዝ ሊቅ ሞርፊ በ1858 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ ከብራውንሽቫይግ መስፍንና ከኮንት ኢዙዋር ጋር የተጫወተውን ጨዋታ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲተርክ ግን መጨረሻውን ብቻ ነው። ንግሥት ቢ8 ላይ ተሰጠች፣ ፈረስ በላት፣ ሩክ ዲ8፣ ማት። እሺ፣ ያምራል። ግን ጨዋታውን ያሸነፈችው እሷ ናት? 12ኛው እርምጃ ላይ ሞርፊ በረጅሙ ካስል አደረገ፤ በአንድ እጅ ንጉሡን አስጠልሎ ሩኩን ዲ1 ላይ አወጣው። 13ኛው ላይ ሩኩን ዲ7 ላይ ሰጠና 14ኛው ላይ ኤች1 ተቀምጦ የቀረውን ሁለተኛውን ሩክ ወደ ዲ1 አመጣው። ቼክ አላለም፣ ምንም አልበላም። የቀረውን ኃይሉን በሙሉ አሰለፈ፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ማምለጫ አልነበረውም። በጥቁር በኩል ኤፍ8 ያለው ቢሾፕና ኤች8 ያለው ሩክ ጨዋታው እስኪያልቅ ከቦታቸው አልተነሱም። ሩክ ጥግ ላይ ተኝቶ ሳለ ጥቃት መክፈት በአንድ በሬ ማረስ ነው።

4. ሰዓት። ሰዓትማ… ከየት ይምጣ?

ልጆቹን ብቻ መውቀስ አልችልም። ባለፈው የተጋበዝንበት ውድድር ላይ የቼዝ ሰዓት አልነበረም፤ ዳኛው በስልኩ ይቆጥር ነበር፤ ስልክ ሲደወልለት ቆጠራው ይቆማል። የእርምጃ መመዝገቢያ ወረቀትም አልነበረም። ብጠይቅ «ውጤቱን እንጽፋለን፤ አይበቃም?» ተባልኩ። አይበቃም! የእግር ኳስ ጨዋታ ሲያልቅ ያለቀ ነው፤ የቼዝ ጨዋታ ግን ከተመዘገበ ልጁ ቤቱ ሄዶ እንደገና ያየዋል፣ የት እንደሳተ ያገኛል፣ እኔም አርመዋለሁ። ለማሊያ በጀት ይገኛል፤ ለአንድ እሽግ ወረቀት አይገኝም። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ምን እንደሠራ ሳያውቅ ሜዳሊያ ተሰጥቶት ተበተነ። ከዚያ ያው ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ ስልኩ ላይ ደግሞ ያ ቪዲዮ ይጠብቀዋል።

«ተቀምጠው የሚጫወቱት ነገር ስፖርት ነው እንዴ?» ያለኝም አለ፤ ከነማዕረጉ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1924 ፓሪስ ተመሥርቶ በ1999 የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ እውቅና አግኝቷል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ሌላው ደግሞ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ይላል። ይህን ሰው ደብረ ታቦር ወስጄ ባቆመው ደስ ይለኛል። የደብረ ታቦሩ የራስ አሊ ባለሟል የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን የሀበሻን ቼዝ፣ የሰንጠረዥን ሕግ ጽፎ ትቶ ሄዷል፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1868 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። አፄ ልብነ ድንግልም ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ሁሉ ሰብስቦ በ1971 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል። በተቃራኒው ደግሞ «ቼዝን የፈጠርነው እኛ ነን» የምትሉ እባካችሁ ተዉን። በሰንጠረዥ በንግሥትና በቢሾፕ ቦታ ያሉት ፈርዝና ፊል የሚባሉት ጠጠሮች ስማቸው ራሱ ከፋርስና ከዐረብ እንደመጡ ይናገራል።

ሰንጠረዥን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያሰልፋሉ፤ ወረራ ይሉታል። ዓይኑ የራሱ እጅ ላይ ብቻ የቀረ ሰው እዚያ ላይ ያልቅለታል፤ ባላጋራው ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር የራሱን አሰላለፍ ማስተካከል አለበት። ማቱም ቢሆን እኩል ክብር የለውም፤ በደር (በሩክ) ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙ አያስመሰግንም፣ በፊልና በመደቅ (በወታደር) የመጣው ነው የሚደነቀው። ትንሿን ጠጠር ማክበር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አልነበረም። ኤች3ን የናቀው የዛሬው ቪዲዮ ሠሪ ነው።

ስለ ቼዝ ፕሮግራሙ ስለ ስቶክፊሽም ትጠይቁኛላችሁ። ነጻ ነው፣ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ የለም ማለት ምክንያት አይሆንም። ግን መጀመሪያ ራሳችሁ አስባችሁ፣ የመረጣችሁትን ደብተር ላይ ጽፋችሁ፣ ከዚያ ክፈቱት። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ነጭ ይበልጣል» የሚል ልጅ ለምን እንደሚበልጥ ስጠይቀው ዝም ይላል። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ቢከፍተው ኖሮ ፈረሱ በአንድ ወታደር ብቻ እንደተሸጠ ያየው ነበር።

ያንን ቪዲዮ ያጋራችሁ አጥፉት፤ ካላጠፋችሁም ከሥሩ «ፈረሱ ሲ6 ላይ ካለ አይሠራም» ብላችሁ ጻፉበት። ሰኞ ወደ ክበቡ የምትመጡ ልጆች አንድ የተጫወታችሁትን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እርምጃ በደብተር ጽፋችሁ ኑ። ያልተጻፈ ጨዋታ አላርምም።