60 ወይስ 80? የገጠር መንገድ የፍጥነት ወሰን እንዴት ይሰላል?

መንገድ ዳር ቀይ ክብ ውስጥ «60» ተብሎ የተጻፈበት ምልክት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለምን 60 ሆነ? 80 ቢሆንስ ምን ነበረበት? ከቁጥሩ ጀርባ ስሌት አለ፤ እናንተም ደብተራችሁ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አየርላንድን እንውሰድ። እዚያ ወደ ገጠር መንደሮች የሚያስገቡ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች አሉ፤ ግራና ቀኛቸው በቁጥቋጦ የታጠረ ነው፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ መሃላቸው ላይ ሣር በቅሎባቸዋል። አገሪቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ስትዞር ለእነዚህ መንገዶች በሕግ የተቀመጠው መደበኛ ወሰን በሰዓት 80 ኪ.ሜ. ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ወደ 60 ወረደ።

እስቲ እናስላው። ኩርባ ላይ ናችሁ፤ ከፊታችሁ የሚታየው መንገድ 60 ሜትር ብቻ ነው። ድንገት አንድ ልጅ መንገዱ ላይ ቆሞ አያችሁ። አይታችሁ ፍሬን እስክትረግጡ 1.5 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። መንገዱ እርጥብ ስለሆነ ፍሬኑ በየሴኮንዱ ከፍጥነታችሁ ላይ 4 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል።

በ60 ስትነዱ በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ፍሬን ከመርገጣችሁ በፊት 25 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ ለመቆም 35 ሜትር ያስፈልጋል። ድምሩ 60 ሜትር። ለጥቂት ተረፈ!

በ80 ብትነዱስ? ፍሬን እስክትረግጡ 33 ሜትር፣ ለመቆም ደግሞ 62 ሜትር፤ በድምሩ 95 ሜትር። የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ የእናንተ መኪና ገና በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ገደማ እየበረረ ነው። ልዩነቱ 20 ብቻ ይመስል ነበር፣ አይደል? ችግሩ የፍሬኑ ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር መሆኑ ነው።

መሐንዲሶች ሌላም የቆየ ዘዴ አላቸው። መንገዱ ሳይጨናነቅ የመኪኖችን ፍጥነት ይለኩና ከ100 ሾፌሮች 85ቱ የማያልፉትን ፍጥነት መነሻ ያደርጋሉ። ሐሳቡ «አብዛኛው ሾፌር መንገዱን አይቶ ልኩን ያውቃል» የሚል ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለውን ልጅ አያይም፤ ልጁ ደግሞ በልኬታው ውስጥ የለም። ስዊድን በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው «ዜሮ ራዕይ» ጥያቄውን የገለበጠው ለዚህ ነው፤ መነሻው ሾፌሩ የሚፈልገው ፍጥነት ሳይሆን የሰው አካል ሊቋቋም የሚችለው ግጭት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ፤ ወሰን ማለት ጣሪያ ነው እንጂ «በዚህ ንዱ» ማለት አይደለም። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት ሌላ መኪና ቢመጣ ሁለቱም መቆም አለባቸው፤ በ60 ከሆኑ 120 ሜትር ሊተያዩ ይገባል ማለት ነው። ካልተያዩ 60ም ይበዛል።

ፊዚክሱ አገር አይመርጥም። እኛም አገር ተማሪዎች በእግር የሚሄዱበት የጠጠር መንገድ ላይ ያው ስሌት ይሠራል። በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ውስጥ ስትቀመጡ «ከፊታችን ስንት ሜትር ይታያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትክክለኛውን ፍጥነት የሚነግራችሁ መልሱ ነው።