ትኩሳት ሲይዘን ጡንቻችን ለምን ይዝላል? ቫይረስ በአጽም ጡንቻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና የሚጠናበት መንገድ

ጉንፋንም ሆነ ሌላ ትኩሳት ያለው ሕመም የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ሰውነቱ መሰባበር ነው። ወገብ ይቆርጣል፣ ጭን ይከብዳል፣ ባት ይታመማል። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ገበሬው እርፍ ለመጨበጥ፣ የከተማ ነዋሪው ደረጃ ለመውጣት አቅም የሚያጣባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ብዙዎች ይህን «ያልፋል» ብለው ይተዉታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ቁርጥማት ኩላሊትን እስከማወክ፣ አንዳንዱ የእግር መዛል ደግሞ እስከ ዘላቂ የአካል ጉዳት ሊደርስ ስለሚችል ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የአጽም ጡንቻ የሚባለው ከአጥንት ጋር ተያይዞ በፈቃዳችን የሚንቀሳቀሰው የሰውነት ክፍል ነው። በሰው አካል ውስጥ ከ600 በላይ እንዲህ ያሉ ጡንቻዎች ይገኛሉ፤ ከአንድ ጤናማ ጎልማሳ ክብደትም 40 በመቶ ገደማውን ይይዛሉ። ቫይረሶች ይህን ትልቅ የሰውነት ክፍል በሦስት መንገድ ይጎዳሉ።

ቫይረሱ ጡንቻው ውስጥ ሳይገባ

የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው መንገድ ቫይረሱ ጡንቻውን ራሱን ሳይነካ የሚከሰተው ነው። ሰውነት ቫይረስ መግባቱን ሲያውቅ የመከላከል ሥርዓቱ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገሮችን በደም ውስጥ ይለቃል። እነዚህ ትኩሳት ይቀሰቅሳሉ፤ የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮችንም በቀላሉ እንዲነኩ ያደርጋሉ። በዚያው ጊዜ ሰውነት ለመከላከሉ ሥራ የሚሆነውን ፕሮቲን ከጡንቻ እያፈረሰ ይወስዳል። የምግብ ፍላጎት መቀነስና መተኛት ሲጨመሩበት ጡንቻው ይሟሽሻል። ትኩሳቱ ከሄደ በኋላ ድካሙ የሚቆየው የተወሰደው እስኪተካ ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው።

በኮቪድ-19 ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎችን ጡንቻ የመረመሩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ የሚያጠናክር ነገር ተመልክተዋል። በብዙዎቹ ጡንቻ ላይ መቆጣት ሲታይ ቫይረሱ ራሱ ግን በጡንቻው ክር ውስጥ እምብዛም አልተገኘም።

ቫይረሱ ጡንቻውን ሲያጠቃ

ሁለተኛው መንገድ ጉዳቱ በጡንቻው ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ነው። ኮክሳኪ የተባለው ቫይረስ ለዚህ ታዋቂ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ጊልበርት ዳልዶርፍና ግሬስ ሲክልስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ቫይረስ ፖሊዮ ይሆናል ተብሎ ከተጠረጠረ ሕመም ከያዛቸው ልጆች ዓይነ ምድር ለይተው አወጡ። ስያሜውን ያገኘው ልጆቹ ከሚኖሩባት የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ነው። ቫይረሱ አዲስ ለተወለዱ አይጦች ሲሰጥ የአጽም ጡንቻቸውን አበላሽቶ ሽባ አደረጋቸው።

በኢንፍሉዌንዛ ወቅት ደግሞ በተለይ ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ የሚታይ ሕመም አለ። ትኩሳቱ መብረድ ሲጀምር ሁለቱም ባቶች በጣም ይታመማሉ፤ ልጁ መራመድ ይተዋል ወይም በእግሩ ጣቶች ይራመዳል። ይህ ወላጅን እጅግ የሚያስደነግጥ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ገደማ ይድናል።

በሀገራችን ድሬዳዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተቀስቅሶ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳምሟል። ይህ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በአሁኗ ታንዛኒያ ደቡባዊ ክፍል ሲሆን ስሙም በማኮንዴ ቋንቋ ሕመሙ ሰውን የሚያጎብጥ መሆኑን ያመለክታል። ሰውን የሚያጎብጠው በዋናነት የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ጡንቻም ግን ከጉዳቱ አያመልጥም። ከሕሙማን የተወሰደ የጡንቻ ናሙና ሲመረመር ቫይረሱ የተገኘው በጎለመሱት የጡንቻ ክሮች ውስጥ ሳይሆን በአጠገባቸው በተቀመጡት ተጠባባቂ ሕዋሳት ውስጥ ነበር። እነዚህን ሕዋሳት አሌክሳንደር ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ለይቶ አሳውቋል። ሥራቸው የተጎዳ ጡንቻን መጠገን ነው፤ ገበሬ ለዘር ብሎ በጎታ ከሚያስቀምጠው እህል ጋር ይመሳሰላሉ። ተባይ የዘሩን እህል ሲነካ የሚቀጥለው ምርት እንደሚሰጋው ሁሉ፣ እነዚህ ሕዋሳት ሲጠቁም የጡንቻው ጥገና ሊጓተት ይችላል።

ነርቭ ሲጎዳ ጡንቻ ይከተላል

ሦስተኛው መንገድ የፖሊዮ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ ዋነኛ ዒላማ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ናቸው። አዛዡ ሲሞት ጡንቻው ሥራ ያቆማል፤ ይልልና እየቀጠነ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንድ እግር ወይም አንድ ወገን ነው። የሞተው ነርቭ ስለማይተካ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ባቱ የታመመ ልጅና በፖሊዮ እግሩ የላለ ልጅ ሁለቱም «መራመድ አቃተው» ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህ የመለየቱ ሥራ የባለሙያ እንጂ የጎረቤት ግምት መሆን የለበትም።

እንዴት ይጠናል?

ጥናቱ የሚጀምረው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ሐኪሙ የእጅና የእግርን ጉልበት ከ0 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ ይለካል። ቀጥሎ የደም ምርመራ ይመጣል። የጡንቻ ክር ሲፈርስ ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይፈስሳል፤ መጠኑ ከመደበኛው በ5 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲያሻቅብ ጡንቻው በከፍተኛ ደረጃ እየፈረሰ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከጡንቻ የሚወጣው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ሽንትን ሊያጠቁርና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ ችግሩ ከነርቭ ይሁን ከጡንቻ ለመለየት ያግዛል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ የተቆጣውን የጡንቻ ክፍል ያሳያሉ። ይበልጥ መጥለቅ ሲያስፈልግ በወፍራም መርፌ ጥቂት የጡንቻ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቫይረሱ ውስጡ መኖር አለመኖሩም በፒሲአር ይፈተሻል።

በቤተ ሙከራ ደግሞ ተጠባባቂ ሕዋሳት ከጡንቻ ተለይተው በብርጭቆ ሳህን ላይ ይባዛሉ። ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ወደ ጡንቻ ክር ሲለወጡ ተመራማሪው ቫይረሱን ይጨምርና ምን እንደሚደርስባቸው ይከታተላል። ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ግን ደምም ሆነ የመከላከል ሥርዓት የለውም፤ ሙሉው አካል እንዴት እንደሚመልስ ለማየት በአይጦች ላይ የሚደረግ ጥናት አስፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው።

በከብቶች ዘንድ

አፍተግር ወይም ማዝ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ሎፍለርና ፍሮሽ የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1898 መንስኤውን ሲያሳውቁ እንስሳትን የሚያሳምም ቫይረስ ሲታወቅ የመጀመሪያው ሆነ። ቫይረሱ በትልልቅ ከብቶች አፍና ሰኮና ላይ ቁስል ሲያወጣ፣ በጥጆች ላይ ግን የልብን ጡንቻ አበላሽቶ ቁስል እንኳ ሳይታይ በድንገት ሊገድል ይችላል።

በአንጻሩ አባ ጎርባ የጭንና የትከሻ ጡንቻን የሚያሳብጥ ቢሆንም መንስኤው ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይደለም። ያበጠው ቦታ ሲዳሰስ ይንኮሻኮሻል፤ ከብቱም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለቱም በሽታዎች አስቀድሞ በክትባት ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ናቸው። በአባ ጎርባ የሞተን ከብት ሥጋ መብላት አይገባም።

ምን ይደረግ?

ከከባድ የጡንቻ ሕመም ጋር ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከላለ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይነገር። ፖሊዮ መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የዓይነ ምድር ናሙና ይወሰዳል። ቀናቱ ካለፉ ቫይረሱን የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል።

የወባ ትኩሳትም ሰውነትን ይሰባብራል፤ መንስኤው ግን ቫይረስ ባለመሆኑ ሕክምናው የተለየ ነው። ስለዚህ ከግምት በፊት ምርመራ ይቅደም። ደንጊ በሚከሰትባቸው አካባቢዎች ለቁርጥማት ተብሎ የሚወሰድ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን የደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ምርመራው እስኪታወቅ ድረስ ፓራሲታሞልን በባለሙያ በተነገረው መጠን መውሰድ ይመረጣል። ለኢንፍሉዌንዛ ሕፃናትን አስፕሪን መስጠትም አይገባም።

ከትኩሳት የተነሳ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ ለማረስ ወይም ኩንታል ለመሸከም ባይቸኩል ይመረጣል። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላልና ወተት ጡንቻው የተወሰደበትን ፕሮቲን ይመልሱለታል፤ በቂ ውኃ መጠጣትም ኩላሊትን ያግዛል። ሥራውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መመለስ ጡንቻው ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ይሰጠዋል። ድካሙ ለሳምንታት ከዘለቀ ወይም ከሥራ በኋላ ከተባባሰ ግን ስንፍና ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ሐኪም ማማከር ይገባል።