ሥዕልን ያንቀሳቀሰው ፍላሽ፤ ልደቱና ፍጻሜው

ማንኛውም የሰው ልጅ ጥበብ ልደትና ዕድገት እንዳለው ሁሉ እርጅናና ሞትም አለው። ይሁን እንጂ አንድ ጥበብ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ በእርሱ የተጻፈውን፣ በእርሱ የተሣለውንና በእርሱ የተመዘገበውን ሁሉ ይዞ ለመሄድ ይቃጣዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው «ፍላሽ» ይባል የነበረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ታሪክ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በኢንተርኔት ላይ ያለውን ድረ ገጽ የምናይበት ፕሮግራም ብራውዘር ይባላል። በ1990ዎቹ ዓመታት የነበሩት ብራውዘሮች ጽሑፍንና የማይንቀሳቀስ ሥዕልን ከማሳየት አልፈው ብዙ ነገር ለመሥራት አይችሉም ነበር። ስለዚህ የጎደለውን ችሎታ የሚያሟላ ትንሽ ፕሮግራም ሌሎች ባለሙያዎች ሠርተው እንዲቀጥሉበት በር ተከፈተላቸው። ይህ ቅጥያ ፕለግኢን ተባለ። ነገሩ ሌላ ሰው በሠራው ቤት ላይ አንድ ክፍል እንደ መቀጠል ያለ ነው። ፍላሽም ከነዚህ ቅጥያዎች አንዱ ሲሆን ሥራው ሥዕልን ማንቀሳቀስ፣ ድምፅን ማሰማት፣ ኋላም ፊልምን ማሳየት ነበር።

የፍላሽ አባት ጆናታን ጌይ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ጌይ ገና ተማሪ ሳለ ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ጨዋታ ይጽፍ ነበር፤ በ1986 የወጣው «ዳርክ ካስል» የተባለው ጨዋታም ስሙን አስጠራለት። በ1993 ከቻርሊ ጃክሰን ጋር ሆኖ «ፊውቸርዌቭ» የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራቸው ግን ፍላሽ አልነበረም፤ በብዕር በሚታዘዝ ኮምፒዩተር ላይ ሥዕል የሚሣልበት «ስማርትስኬች» የተባለ ፕሮግራም ነበር። ዳሩ ግን ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ታላቁ የስልክ ኩባንያ በ1994 የብዕሩን ኮምፒዩተር ሥራ ስለ ተወው ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ ሳለ የሚውልበት መሣሪያ ታጣ። እነ ጌይ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ለዊንዶውስና ለማኪንቶሽ እንዲስማማ አድርገው አሻሻሉት። በ1995 በተደረገው የሲግራፍ ጉባኤ ላይ ሥራውን ያዩ ሰዎች ሥዕልን ለማንቀሳቀስ ቢያውሉት የተሻለ እንደሚሆን መከሯቸው። እነርሱም ምክሩን አልናቁም።

በዚያን ጊዜ ትልቁ ችግር የመሥመሩ ጠባብነት ነበር። ነገሩ እንዲገባን በቍጥር እናስላው። ወርዱ 400፣ ቁመቱ 300 ነጥብ የሆነ አንድ ሥዕል 120,000 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 8 ቢት ቢመደብ በጠቅላላው 960,000 ቢት ይሆናል። በስልክ መሥመር በሰከንድ 28,800 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም ይህ ሥዕል ሳይታመቅ ቢላክ 33 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለዓይን የሚንቀሳቀስ መስሎ እንዲታይ በአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ቢያስፈልግ፣ የአንዲት ሰከንድ ትርኢት ለማየት ከስድስት ደቂቃ በላይ መጠበቅ ግድ ነበር።

ጌይና የሥራ ጓደኞቹ የተጠቀሙበት ብልኀት ነጥቦቹን ሁሉ ከመላክ ይልቅ የአሣሣሉን መመሪያ መላክ ነው። ለምሳሌ ክብ ለመሣል መካከሉ የት እንደሆነ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነና ቀለሙ ምን እንደሆነ ጥቂት ቍጥሮች ይላካሉ፤ ሥዕሉን የሚሥለው የተመልካቹ ኮምፒዩተር ራሱ ነው። ክቡ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከተፈለገም አዲስ ሥዕል ሳይሆን አዲስ ቦታውን ብቻ መናገር ይበቃል። በመጀመሪያ ይህንኑ በጃቫ ቋንቋ ሞክረውት እጅግ ቀርፋፋ ሆኖባቸው ነበር። ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር ለቅጥያዎች በሩን ሲከፍት ግን ሥራው ተቃና።

«ፊውቸርስፕላሽ» የተባለው ፕሮግራም በ1996 ወጣ። ማይክሮሶፍትና ዲዝኒም በድረ ገጾቻቸው ተጠቀሙበት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ፊውቸርዌቭን ገዝቶ የፕሮግራሙን ስም «ፍላሽ» አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የፍላሽ ንግሥና ነው። በ2000 አክሽንስክሪፕት የተባለው ቋንቋው ሲወጣ፣ ስቱዲዮም ሆነ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች በየቤታቸው ተቀምጠው ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየሠሩ ለዓለም አሳዩ። በ2005 ዩቲዩብ ሲከፈትም ፊልሙን የሚያሳየው በፍላሽ ነበር። በዚያው ዓመት አዶቢ የተባለው ኩባንያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ዋጋ ማክሮሚዲያን ጠቀለለው።

ይሁን እንጂ የውድቀቱ ምክንያት ከውስጡ ነበር። ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት በመሆኑ ጉድለቱን ሊያርም የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ክፉ ሰዎች ወደ ሰው ኮምፒዩተር ሾልከው የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች በየጊዜው ይገኙበት ነበር። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም፤ የአፕል ኩባንያ አለቃ ስቲቭ ጆብስም በሚያዝያ 2010 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ ፍላሽ ዝግ መሆኑን፣ ለጥቃት መጋለጡን፣ የስልክን ባትሪ መጨረሱንና ለጣት ንክኪ አለመመቸቱን ዘርዝሮ ነቀፈው። ጆብስ ይህን ሲጽፍ የራሱን ኩባንያ ጥቅም አልዘነጋም ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ቢሆንም አዶቢ በኅዳር 2011 ለስልክ ብራውዘር የሚሆነውን ፍላሽ ማሻሻል አቆመ።

በዚህ መካከል ልዩ ልዩ ኩባንያዎችና ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁት ኤችቲኤምኤል 5 የተባለው ደንብ በጥቅምት 2014 ጸደቀ። ደንቡ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ብራውዘሮች ያለ ምንም ቅጥያ ፊልምና ድምፅ ለማሰማት ቻሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ አንዱ ብቻውን የያዘውን ሥራ ብዙዎች ተባብረው ወረሱት። አዶቢም በሐምሌ 2017 የፍላሽን ፍጻሜ አስታወቀ፤ እንክብካቤው በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ቆመ፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ፕሮግራሙ ራሱ የፍላሽን ሥራዎች ማሳየት አቆመ።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር የደቡብ አፍሪካን የግብር መሥሪያ ቤት ይመልከት። ይህ መሥሪያ ቤት ግብር ከፋዮች በኢንተርኔት የሚሞሏቸውን ቅጾች በፍላሽ አሠርቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ማስጠንቀቂያ የተሰጠ ቢሆንም ቀኑ ሲደርስ ቅጾቹ ሁሉ ወደ አዲሱ ደንብ ተዛውረው አላለቁም። ስለዚህ በጥር 2021 የቀሩትን ቅጾች ለማስከፈት ሲል ፍላሽን የሚቀበል የራሱን ብራውዘር አዘጋጅቶ ለሕዝብ እስከ ማደል ደረሰ። የመንግሥት ሥራ በሌላ ሰው ቍልፍ ተቈልፎ ሲገኝ የሚደርሰው ችግር ይህን ይመስላል።

የወጣቶቹ ሥራ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት በኅዳር 2020 የድሮ የፍላሽ ሥራዎችን ሰብስቦ ማሳየት ጀመረ። ይህንም ያስቻለው «ራፍል» የተባለ፣ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራና አሠራሩ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ዝጉን ጥበብ ከመቃብር ያወጣው ክፍት ጥበብ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብና ቅጽ የሚያዘጋጁ፣ ፕሮግራምም የሚመርጡ ዛሬ ይህን የሚያነቡ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ናቸው። አንድ አዲስ ነገር ሲቀርብላቸው ማማሩንና መፍጠኑን ማየታቸው መልካም ነው፤ ፍላሽም አምሮና ፈጥኖ ነበርና። ነገር ግን ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ቍልፉ በማን እጅ ነው? ባለቤቱ ቢተወው ጽሑፋችንን በምን እናወጣዋለን? ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያልተገኘለት መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ በሰው መሬት ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው።